የጋሽ ወልዱ ሰማያዊ ጀምበር

የጋሽ ወልዱን መርዶ የሰማሁት ስቶኒ ትሬል በሚባለው የካልጋሪ አውራ ጎዳና ላይ መኪና እየነዳሁ ነው። ልጃቸው ሰናይት ከኤድመንተን ደወለች። ሰናይት የምትደውልልኝ በዓል ሲሆን ወይም ኮምፒውተር ሲበላሽባት ብቻ ስለሆነ፣ "ደግሞ ምን ሰበርሽ?" ብዬ ጀመርኩ። "ባባ ዛሬ ጠዋት ዐረፈ" አለች። እግሬ ነዳጁን ረስቶት ኖሮ፣ ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ መንገድ ላይ መሆኔን አስታወሰኝ።

"ቀብሩ ላይ አንድ ነገር ትናገራለህ" አለችኝ። "ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን ፕሊስ፣ ጆክ የለም፤ ኦኬ?"

ኦኬ አልኳት። ቀብሩ ላይ ቆሜ ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናግሬ ተቀመጥኩ። ሳልቀልድ የምችለው ያን ያህል ነው። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ጋሽ ወልዱ ሳድል ሪጅ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ነበሩ፤ አጥራችን አንድ ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ወጣትነታቸውን በፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። ካልጋሪ ከመጡ በኋላ ሁሉንም ዓይነት ሥራ ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ ግን ደህና ካሜራ ገዝተው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩ። ከኮክረን ከተማ ወዲያ ያለውን ተራራ በጀምበር መጥለቂያ ሰዓት ያነሱትን ፎቶ ሁሉ ቢደረድሩት ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ ቫንኩቨር ይደርሳል፤ ምናልባትም ትንሽ ተርፎት ባሕር ውስጥ ይገባል። ሰው ግን አያነሱም። "ሰው በቃኝ" ይሉ ነበር። "ዕድሜዬን ሙሉ 'አገጭህን ቀና አድርግ፣ ዓይንህን አትጨፍን' ስል ኖርኩ። ጀምበር አገጭ የላትም፤ ዓይኗን ስትጨፍንም ታምራለች።"

እኔም በሚስቴ ልደት ሰበብ ለራሴ ካሜራ የገዛሁ ጊዜ ተማሪያቸው ሆንኩ።

"ስማኝ ወደይ" ይሉኛል፤ በትግርኛቸው ልጄ ማለታቸው ነው። ጸጉሬ ከእሳቸው ጸጉር በላይ ከሸበተ በኋላም ወደይ ነበርኩ። "ጀምበር ስታነሳ ብርሃኑን ለሰማዩ ለካ። መሬቱ ይጥቆር፣ ግድ የለም። የጨለመ ነገር ኋላ ኮምፒውተር ላይ ስትለምነው ይወጣል። የተቃጠለ ሰማይ ግን ነጭ ወረቀት ነው፤ ብታለቅስለትም አይመለስም።"

ከዚያ ኮምፒውተራቸው ፊት ይቀመጣሉ። ኤክስፖዠሩን፣ ማለት የብርሃኑን መጠን፣ ጥቂት ዝቅ፣ ጥላውን ጥቂት ከፍ። የቀለሙን ሙቀት ሲያስተካክሉ ደግሞ የሕፃን ገላ መታጠቢያ ውሃ በክርናቸው የሚለኩ ነው የሚመስሉት፤ ወደ ቢጫው ትንሽ፣ ወደ ሰማያዊው ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ መለስ። ቀለም ማድመቂያውን አያስነኩኝም። "ይሄ በርበሬ ነው። በርበሬ የሚያበዛ ወጥ የማይችል ሰው ነው።" አንዴ የሠራሁትን ፎቶ ሳሳያቸው ወደ ኋላ ሸሸት ብለው፣ "ይሄ ጀምበር ነው ወይስ የእሳት አደጋ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ እሳት አደጋ ይሻለኛል ብዬ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩት። ለአንድ ወር ያህል ቤቴ ሲገቡ በዓይናቸው ማጥፊያ ውሃ ይፈልጉ ነበር።

አንድ ክፉ አመል ነበራቸው። ድሮ በፎቶ ቤት የሰው ፊት የሚስተካከለው ኔጋቲቩ ላይ ነው፤ በቀጭን እርሳስ፣ እዚያው በዋናው ላይ። ቅጂ ላይ መሥራት አያውቁም። ኮምፒውተር ላይም እንደዚያው፣ ዋናውን ፎቶ ከፍተው፣ ዋናውን ነካክተው፣ በዋናው ላይ ሴቭ ያደርጋሉ። "ጋሼ፣ ቅጂ ያስቀሩ እንጂ" ስላቸው፣ "ቅጂ የፈሪ ነው። እጁን የሚያምን ሰው ምን ያደርግለታል?" ይሉኛል።

ስክሪኑን መጥረግ የጀመሩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። መጀመሪያ በመሐረብ፣ ኋላ በመነጽር መጥረጊያ፣ ኋላ እትዬ ለምለም ለመስኮት በገዙት ፈሳሽ። እትዬ ለምለም ባለቤታቸው ናቸው። "ይሄ ኮምፒውተር ቆሽሿል፤ ቢጫ ቢጫ ይላል" እያሉ ይፈትጉታል። እኔ የማየው ስክሪን ከታቦት መጋረጃ በላይ የጸዳ ነው። ያኔ ነው ጀምበሮቹ መብረድ የጀመሩት።

ብርቱካኑ ሄደ። ሮዙ ሄደ። ፎቶው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ከሰማያዊም የፍሪጅ ውስጥ ዓይነት። ብርሃኑም ከልክ በላይ እየበዛ መጣ፤ ጥላ የሚባል ነገር ጠፋ። እሳቸው እቴ! እሳቸው እንደሚሉት ከሆነ እንደዚህ ጥሩ ሠርተው አያውቁም። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለቤት ምረቃ በትልቁ እያሳተሙ፣ በፍሬም እያስገቡ ያድላሉ። በዚያን ዘመን ከሳድል ሪጅ እስከ ሬድስቶን ድረስ የሐበሻ ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ የቀዘቀዘች ጀምበር ነበረው። የተሰጠው ሰው ፍሬሙን በሁለት እጁ ይቀበልና፣ "ጋሼ ያምራል! እጅዎ ይባረክ!" ይላል። ሌላ ምን ይበል? ሽማግሌ ናቸው፤ ስጦታ ነው፤ ደስ ብሏቸዋል።

እኔ ብዬ ነበር። ለፋሲካ ቤታቸው ተሰብስበን አዲስ ፎቶ ሲያሳዩን፣ "ጋሼ፣ ይቺ ጀምበር ጃኬት ይፈለግላት። ውርጭ መትቷታል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ጣቷ ይቆረጣል" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። "ይሄ ሰውዬ!" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እስቲ አሁን ይሄንን ሰው አንድ ቀን ቁም ነገር ሲናገር የሰማ አለ?" እኔም አብሬ ሳቅሁ። እትዬ ለምለም ብቻ አልሳቁም። ስወጣ በር ላይ ያዙኝና፣ "ሰማያዊም ብትሆን ጀምበር ናት። ደስ ብሎት ይሥራ፣ ተወው" አሉኝ።

ጋሽ ወልዱ ፎቶ ሊያነሱ ሲሄዱ እትዬ ለምለም አብረው ይሄዳሉ። ብርዱን ስለማይችሉ ግን ከመኪናው አይወርዱም፤ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ጋቢ ተከናንበው ይጠብቋቸዋል። አንድ የክረምት ቀን ሺኑክ የሚባለው የእኛ አገር ጉድ መጣ። ጠዋት ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ ነበር፤ ከሰዓት ከተራራው የወረደ ሞቃት ነፋስ በረዶውን ውሃ አድርጎ ጎዳናውን ወንዝ አደረገው። ምዕራቡ ላይ ደመናው እንደ ድልድይ ጎበጠ፤ ከድልድዩ ሥር ጀምበር ስትገባ ሰማዩ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። ሁለቱ ከኮክረን ወዲያ ካለው ኮረብታ ላይ ነበሩ። እትዬ ለምለም ያን ቀን ከመኪናው ወረዱ። ጋሽ ወልዱ እንደነገሩኝ፣ ሄደው ካሜራው ፊት ተገተሩ።

"ለምለም፣ ዞር በይ፤ ሰማዩን ከለልሽው" አሏቸው።

"አልዞርም! ስንት ዓመት ሙሉ ጀምበር! አንድ ቀን እንኳ እኔን አንሣ!"

አነሷቸው። በሕይወታቸው ከሠርጋቸው ወዲህ ያነሷቸው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ዞር ብለው፣ ነጠላቸው በነፋሱ ተነሥቶ፣ እየሳቁ። ጋሽ ወልዱ ቤት ገብተው እንደ ልማዳቸው በዋናው ላይ ሠሩት፣ በዋናው ላይ ሴቭ አደረጉት።

እትዬ ለምለም ከዚያ ቀን በኋላ በሁለተኛው መስከረም በድንገት ሞቱ። ማታ ደህና እደሩ ያሉን ሴትዮ ጠዋት አልተነሡም። ለቀብራቸው ያ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ከአስከሬናቸው አጠገብ ቆመ። ያየሁትን ልናገር። ፊታቸው አመድ የነካው ሰማያዊ ነበር። ከንፈራቸው ወይን ጠጅ። እየሳቁ ነው፤ ግን ከበረዶ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ሰው ሳቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰው በዚያ ፎቶ ፊት ተሰልፎ አለፈ። ሁሉም ለጋሽ ወልዱ አንገታቸውን ሰብረው፣ "እግዜር ያጽናዎ። ፎቷቸው እንዴት ያምራል" አሏቸው። በዚያን ቀን እንኳን ሰው ላስቅ፣ አፌን የከፈትኩት ለጸሎት ነው።

ሰናይት ለሐዘን የተቀመጠች ጊዜ አባቷ ወተት ሊቀዱላት ብለው ከቡና ስኒዋ ውጪ ሲያፈስሱ አየች። ጊዜ አልሰጠቻቸውም፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘች። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ፣ ለዓመታት የተጋገረ። ዓለሙን በሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚያይ ሰው፣ ሁሉን ቢጫና ጨለም ያለ አድርጎ ሲያሳያቸው ኖሯል። እሳቸውም ቢጫውን ለማጥፋት ሰማያዊ ሲጨምሩ፣ ጨለማውን ለማጥፋት ብርሃን ሲጨምሩ ኖረዋል።

ቀኝ ዓይናቸውን በታኅሣሥ ኦፕራሲዮን አደረጉላቸው። ሐኪሙ ሲነግራቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ሞራው ተነሥቷል፤ አሁን ጥርት አድርገው ያያሉ፤ ነገር ግን ከሞራው ኋላ ግላኮማ ነበር፤ የዓይኑን ነርቭ በልቶታል። የግራው አልቋል። የቀኙም የቀረው ጥቂት ነው፤ ጠብታው ቢያዘገየው እንጂ አያድነውም።

"ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ?" አሉ ጋሽ ወልዱ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠ። "ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር" አለ።

ቤት አደረስኳቸው። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ሳሎን መሐል ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ፎቶ ያዩታል። ኮታቸውን አንድ እጅጌ አውልቀዋል፤ ሁለተኛው እጅጌ እንደተንጠለጠለ ነው።

"ይሄን ማን ሰቀለው?"

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

"ይቺ እኮ ሬሳ ናት።"

የቀረውን እጅጌ ላወልቅላቸው ተጠጋሁ።

"ቀብሯ ላይ የቆመው ይሄ ነው?"

"አዎ።"

"ስንት ሰው ነበረ?"

"ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ።"

"እንግዲያው አንድም ሰው አልነበረም።" ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። "አንድ ሰው 'ሰማያዊ ነው' ቢለኝ እኮ ዓይኔን ልታይ እሄድ ነበር። አንድ ሰው!"

"እኔ ብዬ ነበር" አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ።

"አንተማ ብለሃል። አንተ ስትናገር ማን ይሰማል?"

ከዚያ በኋላ ያበዱ መሰለን። በየቤቱ የሰጡትን ፎቶ ካላስመለስኩ አሉ። ሺፍት በሌለኝ ቀን እየነዳሁ አዞርኳቸው። አንድ ሬድስቶን ያለ ቤት ደውለን ስንደርስ፣ ባልየው ፎቶውን ከታች ከቤዝመንት አውጥቶ ሳሎን ሊሰቅል በችኮላ ሚስማር እየመታ አገኘነው።

"ጋሼ ይግቡ! ይኸው፣ ሁልጊዜም እዚህ ነው የምንሰቅለው!" አለ መዶሻውን ከኋላው ደብቆ።

"አውርደውና ስጠኝ።"

ሚስትየዋ ደነገጠች። "ጋሼ ምን አጠፋን?"

"ሰማያዊ መሆኑን አላያችሁም?"

"አይተናል፤ እኛ ግን አዲስ ስታይል መስሎን ነው!"

እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ሳቅሁ። ቀና ስል ጋሽ ወልዱ አጠገቤ ተቀምጠው ፍሬሙን ታቅፈው ያለቅሳሉ። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የወጣ አይመስለኝም።

የተሰበሰበውን ሁሉ መጋዘናቸው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ደረደሩት። ሌላውን ሁሉ ተዉት። የፈለጉት አንድ ነው፤ የእትዬ ለምለም ሙት ዓመት ሳይደርስ ያንን ፎቶ ማስተካከል፣ ዓይናቸው ሳይዘጋ። "ሬሳ አድርጌ ሸኝቻታለሁ። ለሙት ዓመቷ ሰው አድርጌ ላቁማት" አሉኝ።

ግን ዋናው የለም። በላዩ ላይ ሴቭ ተደርጓል። ያለው ያ የቀዘቀዘው ብቻ ነው፤ ቀዩ ቀለም አብዛኛው ከፎቶው ውስጥ ተጠርጎ ወጥቷል። ሙቀቱን ሲጨምሩት ሰማዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል፤ ሲቀንሱት ይበርዳል። ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ ዓይናቸው ሲደክም ጠብታ ያደርጋሉ፤ ደግሞ ይሠራሉ። ትክክለኛው ቀለም የቱ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ያን ቀን ኮረብታው ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ሞታለች፣ የሌላኛው ዓይን ያኔም ቢጫ ነበር። "ያን ሰማይ በደህና ዓይን አይቼው አላውቅም እኮ" አሉኝ አንድ ቀን፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። "ያየችው እሷ ብቻ ናት።"

መሄድ አለብን አሉ፤ ያው ኮረብታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሺኑክ። ሺኑክ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። በየቀኑ ስልኬ ላይ የአየር ትንበያ ስመለከት ሚስቴ ፓይለት ሆንክ ወይ እያለች ትገላምጠኛለች። የካቲት ሊያልቅ ሲል ነፋሱ መጣ። ሥራ ደውዬ ታምሜያለሁ አልኩ፤ ያን ያህል ውሸት ለእኔ ሰላምታ ነው። ጋሽ ወልዱን አሳፍሬ ወደ ኮክረን ነዳሁ። በረዶው እየቀለጠ ከመኪናው ጎማ ሥር ይረጫል።

ኮረብታው ላይ ክንዳቸውን ይዤ አቆምኳቸው። ደመናው እንደ ድልድይ ጎብጧል፤ ከሥሩ ጀምበር ገባች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ።

"ንገረኝ" አሉ።

"ምኑን?"

"ቀለሙን። ሳትጨምር። በሕይወትህ አንድ ጊዜ ሳትጨምር።"

"ከደመናው ሥር ብርቱካን ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ቢጫ። ተራሮቹ ሰማያዊ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ሮዝ አለ። ከእኛ ጎን ያለው በረዶ ደግሞ... እሱም ሮዝ ነው ጋሼ።"

"አልጨመርክም?"

"በእናቴ ሥጋ፣ አልጨመርኩም።"

ነፋሱ ባርኔጣቸውን ሊወስደው ሲል በአንድ እጃቸው ያዙት። "እኔ የማየው ግራጫ ነው" አሉ። "አንተ ካልዋሸህ፣ እንግዲያው የእኔ አልቋል።"

ስንመለስ ኮምፒውተሩ ፊት እኔን አስቀመጡኝ። እሳቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ፣ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሙቀቱን ጨምር፣ ቁም፣ ቀንስ፣ ምን ይመስላል፣ ጨምር። እያየሁ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያዝዛሉ። ሰማዩን ኮረብታው ላይ እንዳየሁት ለማድረግ ብዙ ታገልን። እምቢ አለ። ሁለታችንም ደከመን።

በመጨረሻ፣ "ቆይ" አሉኝ። "ያን ሰማይ አንተም አላየኸውም፤ እኔም አላየሁትም። ለምለምን ግን ታውቃት ነበር።"

"እንዴታ! ስንት ዓመት ሙሉ ከእጃቸው በልቼ!"

"ፊቷ ምን ዓይነት ነበር?"

"ጠይም።"

"ጠይም ብዙ ዓይነት አለው፤ አትቸኩል።"

ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኳቸው። "ከእርስዎ ጠቆር ይላሉ፤ ከእኔ ይፈካሉ። ሲስቁ ጉንጫቸው ላይ ቀላ ይላል።"

"ሰማዩን ተወው። ፊቷን ብቻ እያየህ ሙቀቱን ጨምር። እሷ ስትሆን ቁም።"

ጨመርኩ። ሰማዩ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ዝም ብዬ ጨመርኩ። አመዱ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ፤ ከንፈራቸው መጣ፤ ግንባራቸው መጣ። ጥላውን ጥቂት ጨለም አደረግኩት። በአንድ ነጥብ ላይ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ አጥር ላይ ቆመው "አንተ ቀልደኛ፣ ምሳ በላህ?" የሚሉኝ ሴትዮ ሆኑ። እጄ ቆመ።

"ቆምክ" አሉ ጋሽ ወልዱ።

"ቆምኩ።"

"ሰው መሰለች?"

"ሰው መሰሉ ጋሼ። እየሳቁ ነው።"

"ሰማዩስ?"

አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ሰማይ አላየሁም፤ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ሆኗል። "ሰማዩ ሄዷል" አልኩ። "ተቃጥሏል።"

እጃቸው እጄን ፈልጎ አገኘው፤ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ እንዳለ ከላይ ያዙት። "ይቃጠል" አሉ። "ሴቭ አድርገው።"

አደረግኩት። እጃቸውን አላነሡም። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀና አድርገው፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ ፈገግ እንዳሉ ያዩ ጀመር። እኔም እጄን ሳላንቀሳቅስ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ የነካው ሰው የለምና ስክሪኑ ራሱን አጠፋ፤ ጥቁር ሆነ። እሳቸው ማየታቸውን አላቆሙም።